ከአባቴ ጋር አሮጌ መኪና ልናይ ኮምቦልቻ የወረድን ዕለት

መኪና ልግዛ የሚል ሐሳብ የመጣብኝ ዝናብ ላይ ቆሜ ነው። ደሴ ነው የምኖረው፤ የምሠራው ግን ኮምቦልቻ፣ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ የስፌት ጥራት ተቆጣጣሪ ሆኜ ነው። ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ ማታ በሚኒባስ እወጣለሁ። ለራሴ ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት እናቴን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለቀጠሮ ማመላለሱን ነው። ጉልበቷ እንደ ልብ አይታጠፍላትም። ሚኒባስ ስትገባ ረዳቱ ከላይ ይስባታል፣ እኔ ከታች እደግፋታለሁ፣ ተሳፋሪው ደግሞ «ቶሎ በሉ እንጂ!» ይላል። ያን ቀን ከሆስፒታል ስንወጣ ዝናቡ ወረደብን። የሚመጣው ሚኒባስ ሁሉ ሞልቶ ያልፈናል። ሻሿ ረጥቦ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ፣ «አብሽሪ፣ አሁን ይመጣል» ትለኛለች። ጉልበቷን የሚያማት እሷ፣ የምታጽናናው እኔን። ቤት ስንገባ ወሰንኩ። ለዓመታት በዕቁብ ያጠራቀምኩት ነበረኝ፤ አዲስ መኪና ባያስነካም ለአሮጌ ይበቃል።

ብዙም ሳልፈልግ አንዷን ስልክ ላይ አየኋት። ነጭ፣ ትንሽ፣ ባለ አምስት በር የጃፓን መኪና ናት። ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ግን ታጥባና ተወልውላ በፀሐይ ስትታይ አዲስ ትመስላለች። ባለቤቱ ኮምቦልቻ የግንባታ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ደወልኩለትና አወራን፤ አነጋገሩ ጥሩ ነው። በሐሳቤ እናቴን ከኋላ ወንበር አስቀምጬ መንዳት ጀምሬያለሁ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ቆይቻለሁ፤ የአጎቴን መኪና እየተዋስኩ ደሴ ውስጥ እነዳ ነበር።

«አባትሽን ሳትይዢ እንዳትሄጂ» አለች እናቴ።

ይሄ ቀላል ነገር አልነበረም። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ወደብ ድረስ ጭነው ይወርዱ፣ ጭነው ይመለሱ ነበር። አንድ ቀን ለጉዞ ሲዘጋጁ ስትሮክ መታቸው። ተርፈዋል፣ አልሐምዱሊላህ፤ በከዘራ ይራመዳሉ። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ግን እንደ ድሮው አልታዘዝ አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ መኪና አንስተው አያውቁም። የድሮ ጓደኞቻቸው መጥተው የመንገድ ወሬ ሲያነሱ «እህ» ይሉና ወሬውን ወደ እህልና ወደ ዝናብ ያዞሩታል። እኔም እንዳላሳዝናቸው ፈርቼ ቤት ውስጥ መኪና የሚል ቃል አላወጣም ነበር።

ያን ምሽት ራት በልተው ሲጨርሱ ስልኬን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ መኪና ልገዛ አስቤያለሁ።»

ስልኩን ተቀብለው ከዓይናቸው አራቅ አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይቺ መኪና ናት ወይስ የመኪና ልጅ?» አሉ።

እናቴ በሳቅ ፍርፍር አለች። እኔ ግን ፈራ ተባ እያልኩ ቀጠልኩ።

«አብረውኝ ወርደው ቢያዩልኝ ብዬ ነበር።»

«ለሰውዬው ደውይለት» አሉ ስልኩን እየመለሱ። «ነገ በጠዋት እንመጣለን በይው። እኛ ሳንደርስ ሞተሩን እንዳያስነሳ። የሞቀ ሞተር ብዙ ነገር ይደብቃል። ሕመሙ የሚታወቀው ቀዝቅዞ አድሮ ሲነሳ ነው።»

በማግስቱ ወረድን። አባቴ ጋቢና፣ እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። ሐረጎ ላይ ጉም ነበር። ሚኒባሱ እያንዳንዱን ጠመዝማዛ ሲታጠፍ የአባቴ ቀኝ እግር ወለሉን ለመርገጥ ሲታገል አየሁ። ፍሬን የያዙ መስሏቸዋል። እንዳላየ ሆኜ በመስኮት ወደ ገደሉ ዞርኩ።

ኮምቦልቻ ሞቃለች። ሰውዬው የግቢውን በር ከፍቶ ይጠብቀን ነበር። ጎልማሳ ነው፣ ትሑት፤ አባቴን ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው። ሚስቱ እጇን ሒና ተቀብታ ብቅ አለች። ልጆቻቸው አዲስ ልብስ ለብሰው ይሯሯጣሉ።

«ይቅርታ፣ ግርግር ላይ ደረሳችሁ» አለ ሰውዬው። «ዛሬ እህቴ ደሴ ላይ ኒካህ አላት። ከሰዓት ቤተሰቡን ይዤ እወጣለሁ፣ ማታ እንመለሳለን። ከተስማማን መኪናዋን ትወስዷታላችሁ፣ እኛ በሚኒባስ እንሄዳለን። ካልተስማማን በእሷው ነው የምንሄደው።»

አባቴ መልስ ሳይሰጡ ሄደው ግራ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው።

«አላስነሳህም» አሉት።

«አታስነሳ አላችሁኝ እኮ።»

«ብዙ ሰው እሺ ይልና ያስነሳል።» ፈገግ አሉ። እዚያ ላይ ሰውዬውን እንደወደዱት ገባኝ።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። እጃቸው ስለማይታዘዝላቸው ሁሉንም ነገር የሚያስነኩኝ እኔን ነው። የሞተር ዘይት መለኪያውን አውጥቼ በጨርቅ ጠርጌ፣ መልሼ ከትቼ አወጣሁት። ቀረብ ብለው አሸተቱት። የዘይቱን ክዳን ከፍቼ ውስጡን ገልብጬ አሳየኋቸው።

«እርጎ የመሰለ ነገር አለው?»

«የለውም።»

«ደህና። ቢኖረው ዘይትና ውሃ ተገናኝተዋል ማለት ነው፤ ሻያችንን ጠጥተን ወደ ቤታችን ነበር።»

የራዲያተሩን ክዳን አስከፈቱኝ። «ሞተር ሲሞቅ እንዳትነኪው፣ ፊትሽን ይልጠዋል፤ አሁን ግን ቀዝቃዛ ነው፣ አትፍሪ።» ውሃው ላይ ዘይት አልተንሳፈፈም። የሻንሲውን ቁጥር ጎንበስ ብዬ እያነበብኩ ከሊብሬው ጋር አመሳከርን፤ አንድ ነው። ጎማዎቹን በመዳፌ አስዳሰሱኝ፤ የፊት ቀኙ በውስጥ በኩል ብቻ ተበልቷል። «መሪዋ አልተስተካከለም፤ ይሄ የሚስተካከል ነው» አሉ። ራቅ ብለው ቆመው ጎኗን ከፀሐዩ አቅጣጫ ሲያዩ ደግሞ አንዱ በር ከሌላው ነጣ አለባቸው። ገና ሳይጠይቁ ሰውዬው «ባጃጅ ገጭቶኝ ነው፣ ቀለም አስቀብቼዋለሁ» አለ። የበሩን ላስቲክ ገልጬ አየሁት። ብየዳ የለም፣ ቀለም ብቻ ነው። በሩም ሲዘጋ ገጭ ብሎ ገባ።

ውስጡን ለእኔ ተዉልኝ። ምንጣፉን አንስቼ ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው፣ ሻጋታም አይሸትም። ከዚያ ዓይኔ የለመደው ነገር ላይ አረፈ። የኋላው ቀበቶ ስፌት ላልቷል፣ ጠርዙም ተበልቷል፤ ጠበቅ አድርጌ ስስበው ክሩ ተተረተረ።

«አባባ፣ ይሄ ቀበቶ ሰው አይዝም።»

መጥተው አዩትና ሳቁ። «ኧረ በይ! እሱን እኔ መቼም አላየው። እኔ የነዳኋቸው ቀበቶ የሚባል ነገር አልነበራቸውም።»

ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ። ከጭስ ማውጫው ትንሽ ነጭ ተን ወጣና ጠፋ። ሰማያዊም ጥቁርም ጭስ የለም። አባቴ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ማርሽ አስገብቼ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሳነቃንቃት ፊታቸውን አጨማደዱ። «ፍሪሲዮኑ አልቋል» አሉ። ሰውዬው «ሊሆን ይችላል» አለ። እኔን ግን ከዚህ በኋላ ምንም አያቆመኝም። ፍሪሲዮን ይቀየራል። ሞተሩ ጤነኛ፣ ውስጡ ደረቅ፣ ባለቤቱ እውነተኛ! እናቴን ደጅ ቆማ «ይቺ ናት?» ስትለኝ ይታየኛል።

«አባባ፣ እንግዲህ በእሷ ሐረጎን እንውጣና እንሞክራታ?»

«ቆይ። መውጣት መውረድም አለው። እዚሁ ሞተሩ እንደተነሳ ፍሬኑን ርገጪ።»

ረገጥኩ። «ጥሩ ነው፣ ጠንካራ ነው።»

«አትልቀቂ። ረግጠሽ ያዢው።»

ያዝኩት። አባቴ እኔን የረሱኝ ይመስል ወደ ሰውዬው ዞረው ስለ እህቱ ኒካህ ይጠይቁት ጀመር። ሙሽራው የየት አገር ልጅ ነው? የወረባቦ ነው። ቤተሰቡስ ደህና ነው? ደህና ነው። እኔ ፔዳሉን ይዣለሁ። መጀመሪያ እግሬ የደከመው መሰለኝ። ከዚያ ፔዳሉ ራሱ እንደሚሄድ ተሰማኝ። በቀስታ፣ ጭቃ ላይ እንደቆመ ሰው ወደ ታች እየሰመጠ ነው። ጠበቅ አደረግኩት፤ ባሰበት። በመጨረሻ ቆመ።

«አባባ» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «ወለሉን ነካ።»

ወሬያቸውን አቋረጡ። «ልቀቂና ድገሚው።»

ደገምኩት። አሁንም መጀመሪያ ጠንካራ ነው፤ ከዚያ ሰመጠ።

«ሞተሩን አጥፊ። የእጅ ፍሬን ሳቢ።»

ከዘራቸውን ለሰውዬው ሰጡና ቀስ ብለው መሬት ላይ መቀመጥ ጀመሩ። «አባቴ፣ ልብስዎ ይቆሽሻል፣ ጨርቅ ላንጥፍ» ሲል «ይቆሽሽ» አሉት። ግራ እጃቸውን በኋላ ጎማው ውስጠኛ በኩል ሰደዱ። ሲያወጡት ጣታቸው ረጥቧል። አሸተቱትና ለሰውዬው ዘረጉለት።

«የፍሬን ዘይት ነው።»

«ወላሂ አላውቅም ነበር!» አለ ሰውዬው። ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔ ከተማ ውስጥ ነው የምነዳት፣ ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት። ስረግጣት ትቆማለች።»

«አምንሃለሁ። ሜዳ ላይ ረገጥ አድርገህ ስለምትለቃት ትቆማለች። ቁልቁለት ላይ ግን ትይዛታለህ፣ ደግመህ ትይዛታለህ፣ ሰው ጭነሃል...» አልጨረሱትም።

ሰውዬው ወደ ቤቱ በር ዞሮ አየ። ሚስቱ ሒናዋ እንዳይነካ እጇን ዘርግታ ቆማለች። ልጆቹ አዲሱን ልብሳቸውን ለብሰው መኪናዋን እየዞሩ ይጫወታሉ። ቀስ ብሎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ያረቢ» አለ። «ማታ ሐረጎን በእሷ ነበር የምንወርደው።»

እኔ ገና መሪው ፊት ተቀምጬ ነበር። እኔስ? አሁኑኑ ገዝቼ አባቴን ይዤ ልወጣ አልነበር? በየቀኑ ሥራ ልወርድባት፣ እናቴን ላስቀምጥባት አልነበር? ከመኪናዋ ወርጄ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

ሚስትየዋ ሰምታለች። መጥታ ትንሿን ልጇን ሒናውን ረስታ እቅፍ አደረገቻት። ከዚያ አባቴ ከተቀመጡበት ሳይነሱ ጎንበስ ብላ ግንባራቸውን ሳመች። ታለቅሳለች፣ ትስቃለችም። አባቴ አፈሩ።

«አልሐምዱሊላህ በይ፣ ልጄ። ምንም አልሆነም እኮ» አሏት። ለራሳቸው ይመስል ደገሙት። «ምንም አልሆነም።»

እኔና ሰውዬው ግራና ቀኝ ይዘን አነሳናቸው። ሻይ መጣ። ስኳሩን ከስኒው ውጭ አፈሰስኩት፤ ልጆቹ ሳቁብኝ፣ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን። ከደስታ አይሉት ከድንጋጤ፣ ያን ያህል የሚያስቅ ነገር አልነበረም፤ ግን ማቆም አቃተን።

ወደ ደሴ የወጣነው አብረን ነው፣ በአንድ ሚኒባስ። ባልና ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ አባቴና እኔ። ትንሿ ልጅ አባቴ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። አንገቷ በታጠፍን ቁጥር ወዲያና ወዲህ ሲል በማይታዘዘው እጃቸው ደግፈው ይዘዋታል። እውነቱን ለመናገር እኔ መኪናዋ ታሳዝነኝ ነበር። ልቤን ሰጥቻት ነበርና። ግን የሚኒባሱን መስኮት ተደግፌ ገደሉን ቁልቁል ባየሁ ቁጥር ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ይፈታል፣ ትንፋሼ ይረዝማል።

ያለቀ ነገር መስሎኝ ነበር። ሰንበት ብሎ ሰውዬው ደወለ።

«አስጠግኛታለሁ» አለኝ። «ለማንም አላሳየኋትም። አባትሽ ሳያዩዋት አትሸጥም።»

ለአባቴ ስነግራቸው ጋቢያቸውን ራሳቸው ፈልገው አነሱ።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ሰውዬው የወሰደን ወደ መካኒኩ ነበር። እሱም ያወጣቸውን አሮጌ ዕቃዎች በፌስታል አስቀምጦልናል። የፍሬን ፓምፑን፣ የኋላ ጎማ ሲሊንደሮችን፣ ያበጡ የላስቲክ ጎሚኒዎችን። አባቴ አንድ በአንድ እያወጡ አገላበጧቸው። ቀበቶውም ተቀይሯል፣ መሪዋም ተስተካክሏል።

«ፍሪሲዮኑስ?» አሉ አባቴ።

«ፍሪሲዮኑ ምንም አልሆነም፤ ገመዱ ላልቶ ነው፣ አጠበቅኩት» አለ መካኒኩ።

«አልቋል እልሃለሁ! በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።»

መካኒኩ መሪው ፊት አስቀምጦ በግራ እግራቸው አስረገጣቸው። ያ እግራቸው ደህና ነው። ረገጡ፣ ለቀቁ፣ ደግመው ረገጡ። ከዚያ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ተሳስቻለሁ። አፉ በለኝ» አሉት፤ ሁላችንም ሳቅን። ከመሪው ፊት ግን ለመነሳት አልቸኮሉም። በግራ እጃቸው ማርሹን ሲዳብሱት አየሁ።

እሳቸው ሲወርዱ እኔ ገብቼ መጀመሪያ ፍሬኑን ረግጬ ያዝኩ። ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ቆመ። አባቴ ተደፍተው የእያንዳንዱን ጎማ ውስጥ ዳሰሱ። ደረቅ ነው። ከዚያ እኔ እየነዳሁ፣ አባቴ ከጎኔ፣ ሰውዬው ከኋላ ሆነን ወደ ሐረጎ ወጣን።

ሐረጎን ነድቼ አላውቅም ነበር። ላብ እጄን አሟለጨው።

«አትቸኩዪ» ይሉኛል አባቴ። «ሞተሩን ስሚው። ሲያቃስት ማርሽ ቀንሺለት። ይሄን መታጠፊያ ሰፋ አድርገሽ ያዢው። የሙቀት መለኪያውን እኔ አይልሻለሁ፣ አንቺ መንገዱን እዪ።»

መርፌዋ መሀል ላይ ቆማ አልተነቃነቀችም። አናቱ ላይ ስንደርስ አስቆሙኝ። ወርጄ ከሥር አየሁ፤ የሚንጠባጠብ የለም። አዙሬ መውረድ ስጀምር ከፊታችን ጭነት የያዘ ከባድ መኪና ገባ፣ ጉሙም ወረደ።

«ተከተይው፣ ርቀትሽን ጠብቂ። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሁኚ፤ ማርሹ ይያዝልሽ። ፍሬኑን ረገጥ አድርገሽ ልቀቂ።»

ረገጥኩ፣ ያዘች። ለቀቅኩ። ረገጥኩ፣ ያዘች። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ያዘች። የኮምቦልቻ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ከጉሙ ሥር ብቅ ሲሉ ትከሻዬ ከጆሮዬ ሥር ወረደ። እስከዚያ ድረስ እንደዚያ መውጣቱን አላወቅኩም ነበር። ሰውዬው ከኋላ «አልሐምዱሊላህ» አለ። አባቴ መንገዱን እያዩ፣ «አያያዝሽ ጥሩ ነው» አሉ።

በዋጋው ለመስማማት አልተቸገርንም። መኪናዋ እዳና እገዳ እንደሌለባት መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሄደን አረጋገጥን፣ ስሙ ዞረልኝ። ሰውዬው ቁልፉን ሲያስረክበኝ እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገልን፤ እኛም ለእሱ አደረግን።

ከዚያ በኋላ በመጣው የዕረፍት ቀኔ ማልጄ ስነሳ አባቴ ታጥበው፣ ለባብሰው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል።

«ዛሬ ሥራ አለሽ?»

«የለኝም፣ አባባ።»

«ቢስቲማ አንድ ጓደኛ አለኝ። አብረን ነበር የምንነዳው። ከታመምኩ ወዲህ አላየሁትም። እሱ መምጣት አይችልም፣ እኔም...» ከዘራቸውን አዩት። «ካልደከመሽ ብዬ ነው።»

በሐይቅ ከተማ በኩል ወደ ቢስቲማ ሄድን። መንገዱን ሙሉ አወሩኝ። የትኛው ድልድይ በጎርፍ ተወስዶ እንደነበር፣ የት ላይ ጎማ ፈንድቶባቸው እንዳደሩ፣ የት ጥሩ ሻይ ይፈላ እንደነበር። እኔ የማውቃቸው አባቴ ይህን ያህል ያወራሉ ብዬ አላስብም ነበር። ቢስቲማ ደርሰን ደጁ ላይ ስቆም አንድ ሽማግሌ ሰው ሽርጥ እንዳገለደሙ፣ ከዘራ ይዘው ብቅ አሉ። ዓይናቸውን አጥብበው መኪናዋን አዩ፣ ከዚያ ከውስጧ የሚወርዱትን ሰው። «ላ ኢላሃ ኢለሏህ!» አሉ። ተቃቀፉ፤ ከዘራዎቹ ሁለቱም መሬት ላይ ወደቁ፣ ማንም አላነሳቸውም።

እኔ በሩን ከፍቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ መኪናዋ ውስጥ ተቀመጥኩ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እያወሩ ነው፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይጀምራል። ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት።

«ደረሳችሁ?»

«ደርሰናል።»

«አባትሽስ፣ ደከማቸው እንዴ?»

መልስ ከምሰጣት ብዬ ስልኩን በተከፈተው በር አውጥቼ ወደ ሳቃቸው ዘረጋሁላት።